30-30-40 ምንድን ነው? ኮንዶሚኒየም ሲበዛ ሜዳው የት ይሄዳል?

ብዙዎቻችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው ያላችሁት፤ ወይ ተከራይታችሁ፣ ወይ ቤተሰብ እጣ ወጥቶለት። ከብሎኩ ስትወርዱ ሜዳው ምን ሆኗል? ግማሹ መኪና ማቆሚያ፣ ጥጉ ላይ ኮንቴይነር ሱቅ፣ በቀረችው ልጆች በመኪና መሀል ኳስ ይጫወታሉ። ቤትም ያስፈልጋል፣ ክፍት ቦታም ያስፈልጋል፣ መሬቱ ግን ያው አንድ ነው። ዛሬ ይሄን ነገር ከስሩ እናያለን።

ቀመሩ ምን ይላል?

30-30-40 የአዲስ አበባም ሆነ የሌሎች ከተሞቻችን ፕላን የሚከተለው ቀመር ነው። ከመሬቱ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። አፈር ያለበት ቦታ የክረምቱን ዝናብ ይመጣል፤ ሁሉም ሲሚንቶ ከሆነ ውሃው ወደ ታችኛው ሰፈር ነው የሚሄደው። የእሳት አደጋ መኪናም መግቢያ ይፈልጋል።

ታዲያ ቤቱ የት ይሠራ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ጎን መስፋት ነው። ኮዬ ፈጬን አስቡት፤ ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት የእርሻ መሬት ነበር። ወደ ጎን በሰፋን ቁጥር ገበሬው ማሳውን ያጣል፣ ነዋሪውም ሥራ ለመግባት በሌሊት ታክሲ ይሰለፋል። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያስተሳስር የነበረው የጋራ ማስተር ፕላንም ከብዙ ተቃውሞና ከሰው ሕይወት መጥፋት በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም ቀርቷል። ወደ ጎን መስፋት ነፃ አይደለም።

ሁለተኛው ወደ ላይ መውጣት ነው። እዚህ ጋ ስሌት እንሥራ። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ቀመሩን ብንከተል ለግንባታ 4,000፣ ለክፍት ቦታ 3,000 ካሬ ይደርሰዋል። አንዱ ቤት 50 ካሬ ነው፣ በየቤቱም 4 ሰው ይኖራል እንበል (ደረጃና ኮሪደሩን ለጊዜው እንተወው)።

• ሁሉም ምድር ቤት ብቻ ቢሆን፦ 80 ቤት፣ 320 ሰው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ክፍት ቦታ 9 ካሬ ገደማ።
• ጂ+4 ቢሆን (5 ወለል ማለት ነው)፦ 400 ቤት፣ 1,600 ሰው። ለአንድ ሰው 2 ካሬ እንኳ አይሞላም።
• ጂ+9 ቢሆን፦ 800 ቤት፣ 3,200 ሰው። ለአንድ ሰው ከ1 ካሬ በታች።

አያችሁ? በሦስቱም "30 በመቶ" ተሟልቷል። ቤቱ ግን 10 እጥፍ ሲያድግ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በዚያው ልክ ወርዷል። ይሄ ማለት ፎቅ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ያንኑ 800 ቤት በምድር ቤት ብንሠራ 10 ሄክታር ይበላ ነበር። ማለት የፈለግነው ፎቁ በረዘመ ቁጥር የቀረችው ሜዳ ይበልጥ ውድ ትሆናለች ነው። ጂ+9 ሰፈር ውስጥ አንድ ኮንቴይነር ሱቅ የሚወስደው ቦታ የብዙ ሰው ድርሻ ነው።

ክፍት ቦታ ስንል ምን ዓይነት?

እንጦጦ ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ ተከፍተዋል፤ ጥሩ ነው። ግን ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከለው እንጦጦ አይደለም፣ ብሎኩ ሥር ነው። ሠርጉም፣ የእድሩ ስብሰባም፣ በርበሬ ማስጣቱም እዛው ነው። የ6 ዓመት ልጅ ለብቻው ወርዶ የሚጫወተውም እዛው። ታጥሮ "ሣሩን አትርገጡ" የተባለበት ቦታ በፕላን ላይ አረንጓዴ ቢባልም ይሄን ሥራ አይሠራም።

ሜዳው የማን ነው?

በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረውም ማህበራቸው። ስለዚህ፦

1. የሳይት ፕላኑን ጠይቃችሁ እዩ። ሜዳው ምን ተብሎ ነው የተቀመጠው?
2. በጋራ ይዞታው ውስጥ ከሆነ ኮሚቴው ለብቻው አከራይቶት እንደሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ጠይቁ። ኪራዩስ የት ገባ?
3. ከይዞታው ውጭ ከሆነ የመንግሥት መሬት ነው፤ ጥያቄው በጽሑፍ ለወረዳ ይቅረብ። ኮፒውን ያዙ።
4. ተከራይም ብትሆኑ ዝም አትበሉ። ድምፅ ባይኖራችሁ እንኳ አከራያችሁ አለው፣ ንገሩት።

ቤት ለሌለው ሰው "ሜዳ ይቅደም" ማለት ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ይገባናል። ግን የፈረሰ ቤት መልሶ ይሠራል። አንዴ ግንባታ ያረፈበትን ሜዳ መልሶ ያገኘ ሰፈር ግን ስንቱ ነው?

እናንተ ሳይት ላይ ሜዳው ምን ሆነ? ጻፉልን።