ታሪክ፣ ትረካና ሽፍታ፦ በራዲዮ የሚነበቡ መጻሕፍት ለቃላት ጥናት ያስነሡት ጥያቄ

«ታሪክ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። ባንድ ወገን በእርግጥ የተፈጸመውንና በማስረጃ የሚታወቀውን ያለፈ ነገር ያመለክታል፤ በሌላ ወገን ደግሞ መነሻና መድረሻ ያለውን ማናቸውንም ወግ፣ ልብ ወለዱን ጭምር፣ ይጠራል። «ተረከ» እና «ትረካ»ም በፊደላቸው ከዚሁ ቃል ጋር ይገጥማሉ። በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይህ መደራረብ እምብዛም አያስቸግርም፤ አርእስቱና መቅድሙ አንባቢውን ይመሩታልና። መጽሐፉ ተከፋፍሎ በራዲዮ ሲነበብ ግን፣ በሦስተኛው ክፍል ላይ ራዲዮውን የከፈተ አድማጭ የሰማው እውነት ይሁን ፈጠራ የሚለይበት ነገር ከተራኪው ቃል በቀር ሌላ የለውም።

ልማዱ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲያነበው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ብዙ ሰው ባለታሪኮቹን በድምፅ ዐወቃቸው። በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ደግሞ በእሸቴ አሰፋ «መቆያ» የታሪክ፣ የስለላና የእውነተኛ ወንጀል ትረካዎችን ለአድማጭ አቅርቧል። (ስያሜው ደግ ነው፤ መቆያ ዋናው ማዕድ እስኪቀርብ የሚቀመስ ነውና።)

አሁን «ሽፍታ»ን እንውሰድ። የቋራው ካሳ ኃይሉ ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው እንደ ነበር የታወቀ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል ነሡ፤ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዷት በደረስጌ ማርያምም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ደባርቅ ወይም ዳባት ሆኖ ይህን ለሚያዳምጥ ሰው ደረስጌ የጎረቤት አገር ናት፤ «ሸፈተ» ሲባልም ተበድሎ ወይም ከገዥ ተጣልቶ ዱር የገባ ሰው ይታየዋል። ነውር አለበት እንዳይባል የሚከበርበት ጊዜ አለ፤ ክብር ነው እንዳይባል መንገደኛን የሚዘርፍም በዚሁ ስም ይጠራል። «ልቡ ሸፈተ» የምንለውም ከነበረበት ሥርዐት መውጣቱን እንጂ መዝረፉን አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ያው ተራኪ የባሕር ማዶ ባንክ ዘራፊን ታሪክ ሲያነብ፣ ተርጓሚው ይህንኑ ሰው «ሽፍታ» ብሎት ቢገኝ ምን ይሆናል? ወይ ዘራፊው ያላገባቡ ይከብራል፣ ወይ የቋራው ሰው ያላገባቡ ይዋረዳል። «ወንበዴ»ም መፍትሔ አይሆንም፤ በ1967 እና በ1983 ዓ.ም. መካከል መንግሥት ለታጠቁ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ሲጠቀምበት ስለ ኖረ የፖለቲካ ጠረን አልለቀቀውም። በኔ አስተያየት ለከተማ ወንጀለኛ ጓድ «ወሮበላ» ወይም በቀጥታ «ዘራፊ» ይበቃል፤ «ሽፍታ» ከሥልጣን ላፈነገጠው ይቆይ።

ሌላው ችግር የጥብቀትና የላልቶ ነው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ይመታል» ተብሎ የተጻፈው ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ያመለክታል፤ «ይበላል»ም እንዲሁ ነው። የወንጀል ታሪክ በሚነበብበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ገዳይና ሟች ቦታ ይለዋወጣሉ። አንባቢ ቢሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል፤ አድማጭ ግን የሚመለስበት መስመር የለውም። ስለዚህ ጎበዝ ተራኪ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው በዓይኑ ሳይጨርስ አፉን አይከፍትም።

የዘመን አቆጣጠርም ያው ነው። በጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ለዓይን የተበጀ ስለሆነ ተራኪው «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ብሎ ካልዘረዘረው፣ የደረስጌው ድል አንድ ጊዜ በ1847፣ አንድ ጊዜ በ1855 የሆነ ሁለት ጦርነት መስሎ ይሰማል።

ለትረካ የሚዘጋጅ ቅጂ በጥንቃቄ ቢሰናዳ መልካም ነው። በሁሉም ቃል ላይ ምልክት ማብዛት አያስፈልግም፤ አድራጊና ተደራጊ በአጻጻፍ በማይለዩባቸው ግሶች ላይ ብቻ፣ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ቢደረግ ይበቃል።