ከንጉሥ አፍ እስከ ዳኛ ብዕር

በ1993 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኝ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አንድ የዋስትና ጥያቄ ቀረበ። ጠያቂው የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ በመዝገቡ ላይ የተሰየሙት ዳኛ ደግሞ ወጣቷ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ዳኛዋ ግራ ቀኙን ሰምተው ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከችሎቱ ወጡ፤ ገና ከግቢው ሳይርቁ ግን ፖሊስ መልሶ ያዛቸው።

የጉዳዩ ዳራ በጊዜው ከማንም የተሰወረ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሕወሓት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ አቶ ስዬ በተሸነፈው ወገን ቆመው ነበር። የሙስና ክሱም የመጣው ክፍፍሉን ተከትሎ ነው። ከዋስትናው ትእዛዝ በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጊዜ አላባከነም። በሙስና የተያዘ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ዋስትናን መብት አድርጎ፣ መከልከልን በሕግ ለተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ትቶት ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን ልዩ የነበረውን መደበኛ አደረገው። ክልከላው የላላው ከአራት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ነው። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት 1999 ዓ.ም. ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳኛዋ ስም ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ ይነሳ ጀመር። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዳኛ የፖለቲካ ሰው የሚባለው መቼ ነው? ሲሾም ነው፣ ሲወስን ነው ወይስ ውሳኔው ሳይፈጸም ሲቀር?

አሜሪካኖች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። የፌዴራል ዳኛ በፕሬዚዳንቱ ታጭቶ በሴኔቱ ከጸደቀ በኋላ ዕድሜ ልኩን በወንበሩ ይቀመጣል፤ ጋዜጦችም ስሙን ሲጠሩ የሾመውን ፕሬዚዳንት አያይዘው ይጠራሉ። ገና በ1805 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሳሙኤል ቼዝ በችሎት ላይ ወገንተኝነት አሳይተዋል ተብለው በሴኔቱ ፊት ተከሰው ነበር፤ በነጻ ተለቀቁ። እዚያ ሙግቱ ዳኛው ወዴት ያዘነብላል የሚል ነው። የተወሰነው መፈጸሙ ብዙ ጊዜ አያጠያይቅም።

በእኛ አገር የዳኛው ወገን በማዕረጉ ላይ በግልጽ ተጽፎ የኖረ ነው። የዳኞች ሁሉ አለቃ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ ፍርዱ የንጉሥ ቃል ነበር፣ ከሱም በላይ ንጉሡ ራሱ የሚፈርድበት ዙፋን ችሎት ነበረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረትም ከዚሁ ሥርዓት የወጣ ነው። የማዕረጉን ቅራኔ ከደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ሕይወት በላይ አጉልቶ የሚያሳይ የለም። አርበኛው ታከለ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. አገር ጥለው መሄዳቸውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲታሰሩ፣ ሲፈቱ፣ ሲሾሙ፣ ዳግም ሲታሰሩ ኖሩ። በመሃል፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ አፈ ንጉሥ ሆነው ሠሩ። የንጉሡ አፍ የተባሉት ሰው በልባቸው የንጉሡ ተቃዋሚ ነበሩ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ተታኩሰው ሞቱ። ቅሬታቸውን ያሰሙት በችሎት አልነበረም፤ ማዕረጉ ለዚያ ቦታ አልነበረውም።

ደርግ ሲመጣ አፈ ንጉሥነቱ ቀረ፤ በቦታው የመጣው ግን ነጻ ዳኛ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናትና ሌሎችም፣ 60 ያህል ሰዎች፣ ችሎት ፊት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በምንም እንደማይመራ ደነገገ። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 24/1988 ደግሞ ዳኛ የፖለቲካ ድርጅት አባል እንዳይሆን ከለከለ። በወረቀት ላይ የንጉሡ አፍ የሕግ አፍ ሆነ።

ይህ በወረቀት የሰፈረ ነጻነት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በኦሮሚያ ክልል ጉጂ ውስጥ እስካለችው ክብረ መንግሥት ድረስ እንዴት እንደሚዘልቅ ማየት ያስፈልጋል። ወርቅ ያቆማት ይህች ከተማ ሁለት ስም አላት፤ አዶላም ትባላለች። ነዋሪዋ በፌዴራል ጉዳይ ሲከሰስ በአብዛኛው የሚዳኘው በክልሉ ዳኛ ነው። በአንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን፣ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሪት ብርቱካን የያዙትን ዓይነት ሥልጣን ጉጂ ውስጥ የሚይዘው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ይግባኙም ወደ ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

የዚያ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አቶ ተሻለ አበራ በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ አገር ጥለው ብሪታንያ ገቡ፤ በመንግሥት ይደርስባቸው የነበረውን ጫናም በአደባባይ ተናገሩ። በጥቂት ወራት ልዩነት አንድ ሌላ ከፍተኛ ዳኛም ተሰደዱ። የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተፈጠረውን ግድያ እንዲያጣራ የተቋቋመውን ኮሚሽን ይመሩ ነበር። ኮሚሽኑ 193 ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ፤ የተወሰደው ኃይል ከልክ ያለፈ ነው ወይ በሚለው ላይም ድምፅ ሰጠ። 8 አባላት «አዎ» ሲሉ 2ቱ ተቃወሙ። ሰብሳቢው ከአገር ከወጡ በኋላ በጥቅምት 1999 ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር አልካደም፤ ከልክ ያለፈ ኃይል አልተወሰደም ብሎ ደመደመ እንጂ። ቁጥሩ ያው ሆኖ ፍርዱ ተገለበጠ።

ወይዘሪት ብርቱካንም ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ ገብተው በ1997ቱ ምርጫ ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች አንዷ ሆነው ታሰሩ፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፣ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። በ2000 ዓ.ም. የአንድነት ፓርቲ መሪ ሆኑ። በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተሽሮ ተመልሰው ታሰሩ። እሳቸው ቃሊቲ እስር ቤት ሳሉ ወደ ፓርቲያቸው የገቡት ሁለት ሰዎች መዝገብ አንባቢን ያስገርማሉ። አንዱ ዋስትና የፈቀዱላቸው አቶ ስዬ ናቸው። ሌላው አዋጅ ቁጥር 239 ሲወጣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ናቸው። ዋስትና የፈቀዱት፣ ዋስትና የተነፈጉትና ክልከላው በዘመነ ፕሬዚዳንትነታቸው የታወጀው ሰው በአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር ተገናኙ። በኅዳር 2011 ወይዘሪት ብርቱካን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙም ብዙው ሰው ያስታወሰው ያችን አንዲት የዋስትና ትእዛዝ ነበር።

የዳኛዋ ዝንባሌ ከትእዛዙ በፊት ምን እንደነበረ መዝገቡ አይነግረንም። ለተቃዋሚነታቸው ማስረጃ ተደርጎ የተወሰደው ትእዛዙ ራሱ ነው። በድሮው ልማድ ባለጉዳዮች መንገደኛ አቁመው ዳኛ ያደርጉ ነበር፤ ያ ሰው «በሕግ አምላክ» ከተባለ በኋላ የሰጠው ቃል ይከበር ነበር። የመንገደኛው ቃል የተከበረበት አገር የተሾመ ዳኛን ትእዛዝ በፍርድ ቤቱ ደጅ ሻረ።

ይህ የትእዛዝ መሻር በክብረ መንግሥት ዙሪያ የተወው ዱካ አለ ብዬ አምናለሁ። በ2010 ዓ.ም. የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ ሲታደስ፣ ከማዕድኑ የሚወጣ ኬሚካል ሰውንና ከብትን ጎድቷል የሚለው የጉጂ ነዋሪ ቅሬታ ገንፍሎ የወጣው በአደባባይ ነው። በግንቦት ወር ፈቃዱ ታገደ። ያገደው የማዕድን፣ የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ሚኒስቴር ነበር። የተጎጂዎቹ ጥያቄ በባሕርዩ የፍርድ ቤት ጥያቄ ነው፤ ማን ጎዳ፣ በምን ጎዳ፣ ካሳው ስንት ነው የሚል። ሰዉ ግን ውሳኔ ይፈጸማል ብሎ ወዳመነበት ወጣ፤ ያም መንገዱ ነበር።