የጠፋውን መቁጠር፦ መስመር ከተቆረጠ በኋላ

ስለ ኢንተርኔት ሲወራ የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ አንዱ መስመር ቢቆረጥ መረጃው በሌላ ዞሮ ይደርሳል። እውነት ነው። ግን ዞሮ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በመካከሉስ ስንቱ ይጠፋል? ይህን የመለካቱ ሥራ የራሱ ታሪክ አለው፤ ወልድያ የተማረ ሰው ደግሞ ነገሩን ለመረዳት ብዙም አይቸገር።

ከተማችን መጋጠሚያ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴና በመርሳ የሚመጣው መንገድ ወልድያ ሲደርስ አንዱ በቆቦ ወደ መቀሌ ይቀጥላል፤ ሌላው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት፣ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ይወጣል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያ የሚመጣ ሾፌር ሀብሩ ላይ መንገድ ቢዘጋበት መጀመሪያ መዘጋቱን መስማት አለበት። ከዚያ በጎጃም ዞሮ በወረታ መግባት እንደሚችል ያስባል፤ ከዚያ መሪውን ያዞራል። ራውተርም ይኸው ነው። ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ የሚበላው የመጀመሪያው ነው፦ መስማቱ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በሰነድ በሰፈረው ሪፕ በተባለው ፕሮቶኮል ራውተሮች የሚያውቁትን መንገድ በየ30 ሴኮንዱ ለጎረቤቶቻቸው ይናገራሉ። ጎረቤት ዝም ካለ «ይህ መንገድ የለም» ለማለት 180 ሴኮንድ ይጠብቃሉ። 3 ደቂቃ ሙሉ መረጃው ገደል እየገባ ነው ማለት ነው። በኋላ የመጣው ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በተለመደው አሠራሩ በየ10 ሴኮንዱ ሰላምታ ይለዋወጣል፤ 40 ሴኮንድ ሰላምታ ካልሰማ ጎረቤቱን ይሰርዛል። በድርጅትና በድርጅት መካከል ያለው ግን የባሰ ነበር። ክሬግ ላቦቪትዝና ባልደረቦቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆን ብለው ብልሽት እየፈጠሩ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት መንገድ መቀየሩ በአማካይ 3 ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ አንዳንዱም እስከ 15 ደቂቃ ሲዋልል እንደሚቆይ አሳየ። የስልክ መረብ ይህንኑ ሥራ በሚሊሴኮንድ ይጨርሰው ነበር።

እኛም በግቢያችን ላቦራቶሪ ሦስት ራውተር አገናኝተን ወልድያ፣ መርሳ፣ ሐራ ብለን ስም አወጣንላቸው። ገመዱን ከራሱ ከራውተሩ ላይ ስንነቅለው ወዲያው ያውቃል፤ መብራቷ ትጠፋለቻ! በመካከል ስዊች አስገብተን ከማዶ ስንነቅለው ግን ለወዲህኛው መብራቷ እንደበራች ናት። ጎረቤቱን ደህና ነው ብሎ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ሰላምታ መቼ እንደደረሰው ስለሚወስነው ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ። ስክሪን ላይ አፍጥጦ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ታዲያ ጊዜውን በምን እንለካ? ራውተሩ «አዲስ መንገድ አገኘሁ» ብሎ ሰዓቱን በመዝገቡ ይጽፋል። ችግሩ ማግኘትና ማሳለፍ ለየቅል መሆናቸው ነው፤ አዲሱ መንገድ ፓኬቱን ወደሚያሳልፈው ክፍል እስኪወርድ ሌላ ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲያችን ገና ዳዴ በሚልበት በ2004 ዓ.ም.፣ የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 6413 ራውተሩን መጠየቁን ትቶ ከውጭ ሆኖ ፓኬት መቁጠርን ያስተምራል። ከሚዘረዝራቸው ዘዴዎች አንዱን እኔ በጣም እወደዋለሁ። በሴኮንድ 1,000 ፓኬት ትልካለህ፤ 38,000 ካልደረሰ 38 ሴኮንድ ጠፍቷል። በቃ፣ ማካፈል ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄም አለው፦ መንገዶች ሁሉ በአንድ ቅጽበት አይመለሱም፤ አማካዩ የዘገየውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መድረሻ ለየብቻ መቁጠር ይቻላል። የወልድያ መስመር መመለሱ ከመርሳ ወጣ ብሎ ላለ የሀብሩ ቀበሌ አይመሰክርም።

ይህችን ስሌት ከላቦራቶሪ ውጭ እሠራባታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በነበሩበት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ተዘረፈ። ፕሮቶኮሉ ምንም ፈጣን ቢሆን የሚዞርበት ሌላ መስመር ከሌለው የሚያሰላው የለም። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ እናቴ መርሳ። ሁልጊዜ ማታ 1 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ካልሠራ ደብተር ላይ አንድ ጭረት። ጥቅምት መጨረሻ ደሴም በተያዘች ሰሞን በእግሩ የወጣ የሰፈራችን ልጅ አገኘኝና «እናትህ ደህና ናቸው፤ ከ3 ሳምንት በፊት አይቻቸዋለሁ» አለኝ። ዞሮ የደረሰ መልእክት ነበር፣ 3 ሳምንት የዘገየ፤ መልስ የምልክበት መንገድ ግን አልነበረኝም።

ታኅሣሥ ላይ አካባቢው ነፃ መውጣቱ በዜና ተነገረ። ጎረቤቶቼ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ቡና ጠሩኝ። ሄጄ ጠጣሁ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን ደወልኩ፤ አልሠራም፤ ጭረቴን አሰመርኩ። ዜናው የራውተሩ መዝገብ ነው፤ እኔ የምቆጥረው ፓኬት ነበር።

ያነሳች ዕለት ጭረቶቹን በአምስት በአምስት አስሬ ደመርኳቸው። በቀን አንድ ጥሪ ስለነበረ የጭረቱ ቁጥር የቀኑ ቁጥር ነው፤ ከ4 ወር በላይ። እሷ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ እንዳልተመለሰ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ የሞላሁት ካርድ እስኪያልቅ።