ሽልማት ለምረቃ፣ ዝምታ ለጥገና

በአማርኛችን «ሹመት» እና «ሽልማት» ሁለት ቃላት ሆነው ሳለ እንደ አንድ ሐረግ አብረው ሲነገሩ ኖረዋል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን ሽልማት ካባ፣ ለምድ ወይም ጎራዴ ሲሆን፣ ምንጩም የሿሚው መልካም ፈቃድ ነበር። ተሸላሚው የሚመዘነው በጦር ሜዳ ጀብዱና በታማኝነት እንጂ ለተርታው ሰው ባበረከተው አገልግሎት አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂልም የዚሁ ሥርዓት ልጅ ነው።

ዘመናዊው የከተማ አስተዳደራችን ይህን ውርስ ተሸክሞ ነው የተነሣው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ለአዲስ አበባና ለጎንደር የከንቲባ አስተዳደር ሲደነግግ፣ ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የሹሙ ዐይን ምስጋናን ፍለጋ ወደ ቤተ መንግሥት ቢያማትር ምን ይደንቃል? መንገድ የተጠረገለት ነዋሪ የመሾምም ሆነ የመሸለም ሥልጣን አልነበረውም።

ደርግ ካባውን ሽሮ «ኮከብ ሠራተኛ»ን አመጣ። በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የልማት ዘመቻ ወዲህ የዕቅድ ግብን መምታት የክብር መለኪያ ሆነ። የሐሳቡ ሥር ግን ከሶቪየት ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1935 አሌክሴይ ስታኻኖቭ የተባለ የማዕድን ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል በመፈልፈል ኮታውን 14 እጥፍ እንዳሳካ ተነገረለት፤ ስሙም ዓለምን አዳረሰ። ጣሪያው እንዳይናድ እንጨት እየደገፉ ከኋላው የተከተሉት ሁለት ሠራተኞች ግን ከዝናው ተካፋይ አልሆኑም።

የእነዚህ ሁለት ሰዎች ዕጣ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የገንዘቡም አብዛኛው ክፍል ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። ባቡሩ ሥራ በጀመረ በዓመት ከጥቂት ወራት፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ለመታገል የተባበሩት ታላላቅ ከተሞች ማኅበር (ሲ-40) ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አዲስ አበባን በትራንስፖርት ዘርፍ ሸለማት። በተከታዮቹ ዓመታት ግን ከ41ዱ ባቡሮች በርካታዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ሆኑ።

ሸላሚዎቹ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ለከተማችን በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ሥራ ሲሸለም፣ የሚሸለመው ተስፋው ነው። ዋንጫው ጉባኤ ላይ የተገኘውን ባለሥልጣን ያደምቃል፤ ፍሬኑ እንዲይዝ፣ መስመሩ እንዳይቋረጥ ሌሊት በጋራዡ የሚደክመው መካኒክ ግን እንደ እነዚያ ባለ እንጨቶች ከፎቶግራፉ ውጭ ነው። የሚያሳዝነው የእርሱ ስም አለመጠራት ብቻ አይደለም። ክብር ወደ ምረቃ ሲያደላ በጀትም ወደዚያው ያደላል፤ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ ገንዘብ ሲያገኝ፣ የመለዋወጫ ግዥ ለከርሞ ይባላል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ፌርማታ ላይ የተሰለፈው ተሳፋሪ ነው።

ስለዚህ ሹመትንና ሽልማትን ማፋታት ይገባናል። የከተማ መሥሪያ ቤት ራሱ ባወጣው ዕቅድ፣ ራሱ በሞላው ሪፖርት፣ ራሱን መሸለሙ ይብቃ። አንድ ሥራ ከተመረቀ ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ያህል እያገለገለ እንደሆነ ይመዘን፤ በምዘናውም ተገልጋዩ ድምፅ ይኑረው። ያን ጊዜ ሹሙ ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ስለ ጥገናው የሚጨነቅበት ምክንያት ይኖረዋል፤ መካኒኩም ስሙ የሚጠራበት ቀን ይመጣል።