ጉልበቱን መሬት ያስነካው ሯጭ

የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮለምበስ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ስሟ እምብዛም አይነሳም። ሯጩ ጄሲ ኦውንስ በከተማዋ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረባቸው ዓመታት ግን አንድ አቋም በምስሎቹ ላይ ደጋግሞ ይታያል፦ አንድ ጉልበቱ መሬት ነክቶ፣ የሁለት እጆቹ ጣቶች በመነሻው መስመር ላይ ተተክለው፣ ፊቱ ቀና ብሎ። ይህን አቋም እንደ ተራ የስፖርት ፎቶ ማለፍ ስህተት ይመስለኛል። በአሜሪካ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ የሚታይበትን የቆየ ትርጉም ከተገዳደሩት ምስሎች አንዱ እርሱ ነውና።

የቆየው ትርጉም ምን እንደነበር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ለፀረ ባርነት ትግል ባዘጋጀው ሜዳልያ ላይ፣ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ እጆቹን አጣምሮ ይማጸናል። በ1876 ዋሽንግተን ላይ የተመረቀው ሐውልትም ነፃ የወጣውን ሰው ከቆመው ፕሬዚዳንት ሊንከን እግር ሥር አኖረው። ለሥራው ገንዘቡን ያዋጡት ራሳቸው ከባርነት የወጡት ሰዎች ነበሩ። በምረቃው ላይ ንግግር ያደረገው የፀረ ባርነት ታጋይ ፍሬድሪክ ዳግላስ ብዙ ሳይቆይ ለጋዜጣ ጽፎ፣ ሳይሞት ጥቁሩን ሰው በእግሩ ቆሞ የሚያሳይ ሐውልት ማየት እንደሚመኝ ገለጸ። የዳግላስ መልስ መቆም ነበር። ኦውንስ ግን ሳይቆም፣ ጉልበቱን ከመሬት ሳያነሳ ያንን ልመና ከምስሉ አስወገደው።

ይህ የሩጫ ስልት እንጂ ትርጉም ያለው አቋም አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ስልትነቱ እውነት ነው። የዬል ተማሪ ቻርልስ ሼሪል በ1888 ተንበርክኮ መነሳትን እንዳስተዋወቀ ይነገራል፤ ቶማስ በርክም በ1896 አቴንስ ላይ የ100 ሜትር ውድድርን በዚሁ አነሳስ አሸንፏል። ኮለምበስ ራሷ በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላት፦ የኦሃዮ ስቴቱ ጆርጅ ሲምፕሰን በ1929 የ100 ያርድ ርቀትን በ9.4 ሰከንድ ቢሮጥም፣ በመነሻ የእግር መደገፊያ ስለተጠቀመ ክብረ ወሰኑ አልጸደቀለትም። ኦውንስም በ1936 በርሊን ላይ የእግሩን ማሳረፊያ በመኮትኮቻ ቆፍሮ ነው የተነሳው። ነገር ግን ሯጩ ተኩሱ ሊሰማ ሲል ጉልበቱን ያነሳል፣ ወገቡን ከፍ ያደርጋል፣ አንገቱን ያቀረቅራል። ጉልበቱ እንዳረፈ፣ ፊቱ ቀና እንዳለ የሚቀረው ፎቶ አንሺው ሲፈልገው ነው። አንሺውም ካሜራውን ወደ መሙ ዝቅ ካላደረገ ያንን ፊት አያገኝም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ተንበርካኪውን ከላይ ወደ ታች አያየውም። ሊንከን በቆመበት ቦታ ማንም የለም።

ይበልጥ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፦ እንዲህ ያለ ምስል ጡንቻን እያሳየ ሰውዬውን ይደብቃል የሚለው። በእርግጥም ኦውንስ የነፃ ትምህርት ዕድል እንዳልነበረው፣ በዘር መድልዎ ምክንያት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ ይኖር እንደነበር፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንጻ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆኖ እንደለፋ ከዚያ ፎቶ አይነበብም። ዲን ክሮምዌል የተባለ አሠልጣኝ በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ የጥቁር ሯጮችን ፍጥነት ለጥንታዊው ሰው ቅርብ በመሆናቸው ለማስረዳት ሲሞክር፣ እንዲህ ያሉ ምስሎች ለአንባቢዎቹ ማስረጃ መስለው ታይተው ሊሆን ይችላል። ጥፋቱን ለአቋሙ መስጠት ግን አይገባም። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲው የሰውነት አካል ሊቅ ሞንታግ ኮብ የኦውንስን እግር ለክቶ በ1936 እንደጻፈው፣ ፍጥነቱን በዘር የሚያስረዳ ምንም ምልክት አላገኘም፤ ይልቁንም ልምምድን ነው የጠቀሰው። ያ ተንበርክኮ የመነሳት ስልትም ኦውንስ በኮለምበስ ከአሠልጣኙ ላሪ ስናይደር ጋር ደጋግሞ የሠራበት ትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1935 በአን አርቦር፣ በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብርና አንዱን ሲጋራ፣ በመም ላይ የተነሳው በዚሁ ስልት ነው።