84 ፈረስና አንድ የከሰል ጉድጓድ

እንግሊዝ ውስጥ፣ ደቡብ ዮርክሻየር፣ ከሮዘራም ከተማ ወጣ ብሎ፣ የፊት ለፊቱ ርዝመት ብቻ 185 ሜትር የሆነ ቤት አለ። ቤት ነው ያልኩት፣ ቤተ መንግሥት አላልኩም። የለንደኑ ባኪንግሃም እንኳ ከፊት ሲለካ ከ110 ሜትር አያልፍም። የዚህኛው ክፍሎች ከ300 በላይ ናቸው። ስሙ ዌንትወርዝ ውድሃውስ ይባላል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው፤ አደራ እንዳትደናገሩ።)

ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ግን ስለ ሳሎኑና ስለ እብነ በረዱ አይደለም። ስለ ጋጣው ነው። ቤቱን የወረሰው ሁለተኛው የሮኪንግሃም ማርኩዊስ ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው፤ ልቡ ግን ከፈረስ ጋር ነበር። ጆን ካር የተባለውን የዮርክ አርክቴክት ጠርቶ ለ84 ፈረሶች የሚሆን ጋጣ አሠራ። አራት ማዕዘን ሰፊ ግቢ፣ ባለ ዓምድ በር፣ ለባልደራሶቹና ለፈረስ ጠባቂዎቹ መኖሪያ፣ የግልቢያ ማሠልጠኛ ያለው ነው። ቦታውን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ጋጣውን ቢያይ ዋናው ቤት ይህ ነው ብሎ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ግንባታው በ1760ዎቹ ተጀምሮ ያለቀው በ1789 ነው። ማርኩዊሱ የሞተው በ1782 ስለሆነ የጋጣውን ፍጻሜ አላየም።

ሰውየው ለፈረስ ምን ያህል እንደተሸነፈ ለማወቅ ዊስልጃኬትን ማየት ይበቃል። ዊስልጃኬት በ1759 ዮርክ ላይ በ2,000 ጊኒ ውርርድ የተካሄደ ግልቢያ ያሸነፈ ፈረስ ነው። ማርኩዊሱ ጆርጅ ስታብስ ለተባለው ሠዓሊ እንዲስለው አዘዘ። ውጤቱ ቁመቱ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ሆነ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ጋላቢ የለ፣ ሜዳ የለ፣ ሰማይ የለ፣ ፈረሱና ባዶው ሸራ ብቻ። ዛሬም ድረስ ዶንካስተር ላይ የሚካሄደው ታዋቂው የሴንት ሌጀር ግልቢያ በ1776 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈችውም የእርሱ ባዝራ ነበረች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? ማርኩዊሱ ልጅ ስላልነበረው ሀብቱ ለእኅቱ ልጅ፣ ለአራተኛው ኤርል ፊትዝዊልያም ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን በሀብት ያንበሸበሸው የድንጋይ ከሰል ነው። ከሣሩ ሥር፣ ከፈረሶቹ ኮቴ ሥር ከሰል ነበረ። ከላይ 84ቱ ፈረሶች በዓምድ መካከል ሲመላለሱ፣ በአካባቢው ጉድጓዶች ውስጥ ደግሞ ድንክ ፈረሶች የከሰል ጋሪ በጨለማ ይጎትቱ ነበር። የፈረስ መደብ አለ ወይ ለሚል ሰው መልሱ ይኸው።

ግን ነገሩ ጌታና ሎሌ ብለን ዘግተን የምናልፈው ዓይነት አይደለም። በ1926 በመላ እንግሊዝ የከሰል ሠራተኛ ሥራ ባቆመበት ጊዜ፣ የቤቱ ባለቤት ሰባተኛው ኤርል ድንክ ፈረሶቹን ከጉድጓድ አስወጥቶ ለሠራተኞቹ በገዛ ሣሩ ላይ ፖሎ ማስተማሩን ካትሪን ቤይሊ ስለዚህ ቤተሰብ በጻፈችው መጽሐፍ ትተርካለች። እስቲ አስቡት፤ ደመወዝ የለም፣ ሥራ የለም፣ ፖሎ ግን አለ! እኔ ይሄን ሳነብ መሳቅም መናደድም አማረኝ። ይሁንና በአካባቢው ሰው ዘንድ ቤተሰቡ ከሌሎች የጉድጓድ ባለቤቶች የተሻለ ስም ነበረው፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ ይህ ስም ተፈተነ።

በ1946 ጦርነቱ አልቋል፣ አገሩ በከሰል እጥረት እየተጨነቀ ነው፣ ሥልጣኑ የሌበር ፓርቲ ነው። የነዳጅና ኃይል ሚኒስትሩ ኢማኑኤል ሺንዌል በዌንትወርዝ ግቢ ውስጥ ያለው ከሰል መሬቱን ከላይ እየገፈፉ እንዲወጣ አዘዘ። ማሽኖቹ መናፈሻውን እየቆረሱ እስከ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ባለሙያዎች ከሰሉ ጥራት የለውም፣ አያዋጣም ቢሉም ሰሚ አልተገኘም። የመደብ በቀል ነው ያሉ ብዙ ናቸው።

አሁን ደግሞ ተቃዋሚው ማን እንደነበር ስሙኝ። የዮርክሻየር የከሰል ሠራተኞች ማኅበር መሪ ጆ ሆል! ቦታው የሕዝቡ መዝናኛ ነው፣ አይቆፈር ብሎ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትር አትሊ ድረስ ጮኸ። ሠራተኛው የቆመው ለኤርሉ ቤት ነው፣ ቆፋሪው የሠራተኛው መንግሥት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ተገልብጦ ይመጣል። ቁፋሮው ግን አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ ያለው በአጭሩ ይኸው ነው። ስምንተኛው ኤርል በ1948 ፈረንሳይ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አብራው የሞተችው የጆን ኤፍ. ኬኔዲ እኅት ካትሊን ነበረች። ቤቱ ለሴቶች የስፖርት መምህራን ኮሌጅ፣ ቀጥሎ ለፖሊቴክኒክ ተከራየ፤ ከዚያ ከግለሰብ ግለሰብ ተሸጠ። በ1999 የገዙት ባለቤቶች ቤቱ በከሰል ቁፋሮ ምክንያት እየሰመጠ ነው ብለው ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ጠየቁ፤ በ2016 አልተሳካላቸውም። በዚያው ዓመት መንግሥት ለአጣዳፊ ጥገና 7.6 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቤቱ የጄን ኦስተን ልቦለድ ውስጥ ያለውን ፔምበርሊን ያነሣሣ ነው ይባላል ብሎ ፓርላማውን አሟሟቀ። ምሁራኑ አልተቀበሉትም፤ ጣሪያው ግን ተጠገነ። መቼስ ለጣሪያ ሲባል ትንሽ ልቦለድ ይፈቀድ።

በ2017 አንድ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት መላውን ቤት በ7 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። የዊስልጃኬት ሥዕል ግን ሃያ ዓመት ቀድሞ፣ በ1997፣ ለለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የተሸጠው በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ቤቱ ውስጥ አሁን የተሰቀለው ቅጂው ነው።

የሚቀረው ሥራ ገና ብዙ ነው፤ ጋጣውም ተራውን ሲጠብቅ ከቆዩት አንዱ ነው። የታሰበው ካፌና የዝግጅት አዳራሽ እንዲሆን ነው። ቤት ያለ ገቢ አይቆምምና እኔም አልቃወምም፤ ማኪያቶ የከሰል ጉድጓድን ያህል አይጎዳም። ብቻ ምክር የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ከ84ቱ ማሠሪያ አንዷን ከካፌው ወንበር አስተርፉልኝ እል ነበር። በዓምዱ መሐል፣ በዊስልጃኬት ዘመዶች ጎራ፣ የአንድ የጉድጓድ ድንክ ፈረስ ልጓምና የጋሪ መጎተቻ ይሰቀልባት።