ኦሪት፣ ሕግ፣ ሃይማኖትና እምነት፦ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ክርክርና የተርጓሚው ኀላፊነት

በመጀመሪያው ምእት ዓመት በክርስቲያኖች መካከል የተነሣው ታላቅ ክርክር ስለ እምነትና ስለ ሕግ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በሰፊው ያልተመረመረው፣ ክርክሩ የተካሄደባቸው ቃላት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገሩ ምን እንዳተረፉና ምን እንዳጐደሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። በሶርያዋ አንጾኪያ ከአይሁድ ወገን የሆኑና ከአሕዛብ የመጡ አማንያን በአንድነት ይኖሩ ነበር። ከይሁዳ የመጡ ሰዎች ግን ያልተገዘረ አይድንም እያሉ ማስተማር ጀመሩ። ጉዳዩ ወደ ኢየሩሳሌም ቀርቦ፣ በ49 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ጉባኤ ከአሕዛብ ለመጡት ግዝረት ግዴታ እንዳይሆን፣ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ ተወሰነ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት እንደሚተርከው፣ ጴጥሮስ እንኳ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ከማዕዱ ተለይቷል፤ ጳውሎስም በሰው ሁሉ ፊት ተቃውሞታል። ስለዚህ ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አልነበረም፤ ማን ከማን ጋር በአንድ ገበታ እንደሚቀመጥ የሚወስን ነበር።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። የዕብራይስጡ «ቶራ» መሠረታዊ ፍች ትምህርት፣ መመሪያ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በእስክንድርያ ወደ ግሪክ ቋንቋ ሲተረጐሙ፣ ይህ ቃል በአብዛኛው «ኖሞስ» ተባለ። ኖሞስ ግን ሕግንም ልማድንም የሚያመለክት ቃል ነው። በዚህም ምክንያት የትምህርትነቱ ፍች ደብዝዞ የድንጋጌነቱ ፍች ጐላ። ግእዝ በበኩሉ ከአራማይስጡ «ኦራይታ» «ኦሪት»ን ተውሷል፤ «ሕግ» የሚለው ቃልም በእጁ አለ። አማርኛም ሁለቱን ወርሷል።

ይህ ሀብት ተርጓሚውን ሊያሳስተው ይችላል። ጳውሎስ ስለ ሙሴ ሕግ በሚናገርበት ሁሉ «ኦሪት» ብንል ፍቹ የሚጠራ ይመስላል። ነገር ግን ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ያንኑ ኖሞስ የሚለውን ቃል ለእምነትም፣ ለኀጢአትም፣ ለመንፈስም ይጠቀምበታል። አንዱን «ኦሪት»፣ ሌላውን «ሕግ» ብንለው አንባቢው ቃሉ አንድ መሆኑን አያውቅም፤ የክርክሩም ሰንሰለት ይበጠሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው «የሕግ ሥራ» የተሰኘው ሐረግ ነው። ይህን ብዙዎች በጠቅላላው መልካም ሥራ እንደ ማለት ይረዱታል። ይሁን እንጂ በ4ኛው የቁምራን ዋሻ ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በይፋ የታተመ አንድ የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተመሳሳዩን ሐረግ ለተወሰኑ የንጽሕናና የመሥዋዕት ድንጋጌዎች ይጠቀምበታል። የያዕቆብ መልእክት በአንጻሩ እምነት ያለ ሥራ የሞተ መሆኑን ሲያስተምር «ሥራ» ይላል እንጂ «የሕግ ሥራ» አይልም። እምነት ሲልም አጋንንት እንኳ ያላቸውን ዕውቀት ጨምሮ ይናገራል። እንግዲህ ሁለቱ ጸሓፊዎች ይቃረናሉ ከማለት በፊት፣ በተመሳሳይ ቃላት የተለያየ ነገር እየተናገሩ እንዳይሆን መመርመር ያስፈልጋል። ተርጓሚው «የሕግ» የሚለውን ቃል ቢያስቀር ወይም ቢጨምር ይህን ምርመራ ከአንባቢው ይነጥቃል።

«ፒስቲስ» የተባለው የግሪክ ቃል ይበልጥ ያስቸግራል። ማመንንም ታማኝነትንም በአንድነት ይይዛልና። በዚህ ረገድ አማርኛ የታደለ ነው፤ «አመነ»፣ «ታመነ»፣ «እምነት»፣ «ታማኝ» ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። «ሃይማኖት»ም በአራማይስጡ «ሃይማኑታ» በኩል ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። በጥንቱ ግእዝ ሃይማኖት የልብ እምነትን ጭምር ያመለክት ነበር፤ በዛሬው አማርኛ ግን በይበልጥ የሚያመለክተው ሥርዐትና ማኅበር ያለውን የአምልኮ ወገን ነው። ስለዚህ ፒስቲስን ዛሬ «ሃይማኖት» ብሎ መተርጐም፣ የገላትያን ሰዎች አንዱን ሃይማኖት ትተው ሌላውን እንዲይዙ የተጠየቁ ያስመስላቸዋል። በዚያ ዘመን ግን ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ወገኖች የአብርሃምን አምላክ የሚያመልኩ ነበሩ።

ደግሞም ሊቃውንት ዛሬም «የክርስቶስ ፒስቲስ» የተባለውን ሐረግ አንዳንዶቹ በክርስቶስ ማመን፣ ሌሎቹ የክርስቶስ ታማኝነት ብለው ይፈቱታል። «የክርስቶስ እምነት» የሚለው አማርኛ ሁለቱንም መንገዶች ክፍት ይተዋል። እንደ እኛ አስተያየት፣ ምንጩ ክፍት የተወውን መዝጋት የተርጓሚው ሥልጣን አይደለም።

ጉዳዩ ከአገራችን ታሪክም ጋር ይገናኛል። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያውያንን በአይሁድ ሥርዐት ይኖራሉ ብለው ሲነቅፉ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ግዝረት በኢትዮጵያ የሚፈጸመው በኦሪት ግዴታ ሳይሆን በአገር ልማድ መሆኑን አስረድተዋል። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ «ሕግ» ወይም «ልማድ» በመባሉ ብቻ ፍርዱ ይለወጣል። የግሪኩ ኖሞስ አጣምሮ የያዛቸውን ሁለት ፍቾች ንጉሡ ለይተው አስቀመጧቸው ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለኖሞስ በጠቅላላው «ሕግ»፣ መጽሐፉ ወይም ዘመኑ በግልጽ ሲጠራ «ኦሪት»፤ ለፒስቲስ «እምነት»፣ ዐውዱ ሲያስገድድ «ታማኝነት» ቢባል፤ «ሃይማኖት» ግን ለትምህርቱና ለማኅበሩ ስም ቢተው ይበጃል። የአንጾኪያን ማዕድ የከፈለው ክርክር በነዚህ ቃላት ላይ የቆመ ነበርና፣ ቃላቱን ሳንለይ ተከራካሪዎቹን በትክክል ልንሰማቸው አንችልም።